መድኃኒቱ ነው ወይስ ትሉ? ለአዲ አርቃይ ፍየል ያልተሰፋው ምርመራ

ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ ሰው አየሩ በየኩርባው እየሞቀ ሲሄድ ይሰማዋል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ያስፈለገው ተሳፋሪ ዛሪማ ሲደርስ ሹራቡን አውልቋል። አዲ አርቃይም እዚሁ መስመር ላይ፣ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ናት። ይሄን የማነሳው አገር ለማስጎብኘት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የፍየል በጠጥ ነው፤ በጠጥ ደግሞ ሙቀት ላይ ሲቆይ በውስጡ የሚሆን ነገር አለ። ቆይተን እንደርስበታለን።

መነሻችን ቀላል ጥያቄ ይሁን። አንድ ገበሬ ገበያ ወጥቶ የትል ክኒን ገዛ፤ ፍየሎቹንም አስዋጣቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፍየሎቹ አሁንም እንደከሱ ናቸው። ፀጉራቸው ቆሟል፤ አንዷ ከመንጋጋዋ ሥር አብጣለች። «መድኃኒቱ አልሠራም» ይላል። ልክ ነው፣ አልሠራም። ግን ለምን? ትሉ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ነው? ክኒኑ ውስጥ መድኃኒት አልነበረም? መጠኑ አነሰ? ወይስ ፍየሎቹን ያከሳቸው ሌላ ነገር ነው? ከመንጋጋ ሥር ማበጥ ደም ከሚመጥ የጨጓራ ትልም ይመጣል፣ ከጉበት ትልም ይመጣል። ረሃብ ደግሞ ሁሉንም ያከሳል።

ለዚህ ጥያቄ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙበት አንድ ምርመራ አለ። በኢትዮጵያም ከሐረማያ እስከ ሐዋሳ፣ ከቢሾፍቱ እስከ ጎንደር ተሠርቶበታል። ውጤቱ በመቶኛ ይወጣል፤ ከአንዲት መስመር በታች ከሆነ «ትሉ መድኃኒት ተላምዷል» ይባላል። እኔ የምሞግተው ከዚች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ምርመራው የሚመልሰው «የእንቁላሉ ቁጥር በስንት ቀነሰ?» የሚለውን ነው። «ለምን አልቀነሰም?» ለሚለው የገበሬው ጥያቄ መልስ የለውም። እኛ ግን የመጀመሪያውን መልስ ወስደን ለሁለተኛው ጥያቄ እንሰጠዋለን።

ስለ «መላመድ» ትንሽ

መጀመሪያ ቃሉን እንይ። በአማርኛ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» እንላለን፤ ለትሉም ያንኑ እንጠቀማለን። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው፤ ሁሉም ይገባዋል። ችግሩ ግን ትሉ እንደ ሰው ቀስ በቀስ የለመደ ያስመስለዋል። በርበሬ የማይችል ሰው እየቆየ እንደሚለምደው ዓይነት።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አንድ ትል አልቤንዳዞል ቢያገኘው ወይ ይሞታል፣ ወይ አይሞትም፤ አይማርም። የሚለወጠው የትሉ ማኅበር ነው። የበግና የፍየል ዋና ጠላት የሆነውን ሄሞንከስ የሚባለውን ትል እንውሰድ። አራተኛው የጨጓራ ክፍል ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል፤ አንዲት ሴት ትል በቀን በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በዚህ ሁሉ ብዛት መካከል በዘር ውርሷ ላይ አንዲት የፊደል ስህተት ያለባት ትል አትጠፋም። አልቤንዳዞል የሚገድለው ቱቡሊን ከሚባል የትሉ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው። የቱቡሊን 200ኛ ቦታ ላይ በዘረመሉ ቲቲሲ ተብሎ የተጻፈው ቲኤሲ ሲሆን መድኃኒቱ የሚጣበቅበት ቦታ ይበላሻል። በቃ፣ አንድ ፊደል ናት። መድኃኒቱ ሲሰጥ ሌሎቹ ያልቃሉ፣ ያቺ ትተርፋለች፣ ግጦሹም በልጆቿ ይሞላል።

ለመሆኑ ይሄ ስንት ጊዜ ይፈጃል? የአልቤንዳዞል ታላቅ ወንድም የሆነው ታያቤንዳዞል ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። የማይሞቱ ሄሞንከሶች አሜሪካ ውስጥ ሪፖርት የተደረጉት በ1964 ነው። ሦስት ዓመት! ሞኔፓንቴል የሚባለው አዲስ መድኃኒትም በ2009 ኒውዚላንድ ውስጥ ሥራ ጀምሮ በ2013 እዚያው የማይበግራቸው ትሎች ተገኙ። ስለዚህ «ይሄ የሩቅ ጊዜ ስጋት ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ እነዚህን ዓመተ ምሕረቶች ቁጠሩለት።

አንድ እንቁላል ስትጨመር

አሁን ወደ ምርመራው። ከፍየሎቹ በጠጥ ትወስዳላችሁ (ከመሬት ሳይሆን በቀጥታ ከፊንጢጣ፣ በጓንት)። በጠጡን ፈጭታችሁ ጨው እስኪጠግብ በሟሟበት ውሃ ትበጠብጡታላችሁ። ውሃው ከባድ ስለሆነ የትል እንቁላል ይንሳፈፋል። መስመር የተሰመረበት የመስታወት ቆጣሪ ውስጥ ትጨምሩና በማይክሮስኮፕ ትቆጥራላችሁ። ከዚያ መድኃኒት ትሰጣላችሁ፤ ከ10 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ደግማችሁ ትቆጥራላችሁ። ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ወረዳ ላይ ያለ ክሊኒክ ማይክሮስኮፕና መብራት ካለው ይሠራዋል። ይሄ ትልቅ ጥንካሬው ነው።

ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የነበረው መመሪያ በእንስሳት ጥገኛ ተሕዋስያን ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ነው። እንዲህ ይላል፦ ቅነሳው ከ95 በመቶ በታች ከሆነ፣ የስህተት ክልሉ የታችኛው ጫፍም ከ90 በታች ከወረደ፣ ትሉ መድኃኒቱን ይቋቋማል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተሟላ «ይጠረጠራል»። በየቡድኑ ቢያንስ 10፣ ቢቻል 15 እንስሳ ይኑር።

እስቲ በወረቀት እንሞክረው። አሥር ፍየሎች አሉን፤ የእያንዳንዳቸው በጠጥ በግራም 200 እንቁላል አለው እንበል። ማይክሮስኮፑ ሥር የምታዩት ግን 200 አይደለም። ማክማስተር በሚባለው የተለመደ አቆጣጠር አንዲት የታየች እንቁላል በግራም 50 ሆና ትመዘገባለች። ስለዚህ በዓይናችሁ ያያችሁት በአንድ ፍየል አራት፣ በአሥሩም ፍየሎች 40 እንቁላል ነው። መድኃኒት ሰጥታችሁ ደግማችሁ ስትቆጥሩ ከአሥሩም በጠቅላላ ሁለት እንቁላል ካያችሁ ቅነሳው 95 በመቶ ይሆናል። አንድ ብቻ ካያችሁ 97.5። ሦስት ካያችሁ 92.5።

ልብ በሉ! «ይሠራል» እና «አይሠራም» የሚለው ፍርድ በአንዲት እንቁላል ተገለባበጠ። ያቺን እንቁላል ደግሞ የደከመው ቆጣሪ ዓይን ሊያልፋት ይችላል፤ ወይም የአየር አረፋ እንቁላል መስሎ ሊቆጠር ይችላል። የስህተት ክልል የተባለውም ለዚህ ነው፤ አንዳንድ ዘገባዎችን ስታነቡ ግን መቶኛው በትልቁ ተጽፎ ክልሉ ሠንጠረዥ ውስጥ ተደብቆ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ማኅበሩ ራሱ ይሄን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያውን ቀይሮታል። አዲሱ መመሪያ የሚጠይቀው የተባዛውን ቁጥር ሳይሆን በዓይን የታዩትን እንቁላሎች ጠቅላላ ብዛት ነው፤ 40 ብቻ ካያችሁ ማስረጃችሁ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይነግራችኋል። ለሁሉም እንስሳና ለሁሉም መድኃኒት አንድ 95 መጠቀምንም ትቷል። በኔ አስተያየት ከለውጦቹ ሁሉ የበለጠው ይሄ ነው፤ ለምን እንደሆነ የጎንደር ፈረሶች ያሳዩናል።

ሌላም ድክመት አለ፤ ይሄኛው በመመሪያ የሚስተካከል አይደለም። አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳዩት፣ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ትሎች ከጠቅላላው 25 በመቶ እስኪሞሉ ድረስ ይሄ ምርመራ አያስተማምንም። ከአራት ትል አንዱ ማለት ነው። ምርመራው ሲጮህ እሳቱ ጣሪያ ላይ ደርሷል።

የጎንደር ጋሪ ፈረሶች

ለአዲ አርቃይ በቅርብ ርቀት ላይ ያለው የማውቀው የታተመ ሥራ በፍየል ላይ አይደለም፤ በጎንደር ከተማ የጋሪ ፈረሶች ላይ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ነው። 45 ፈረሶች በሦስት ቡድን፣ በየቡድኑ 15፦ አንዱ ቡድን ፌንቤንዳዞል፣ አንዱ አይቨርሜክቲን ተሰጠው፤ አንዱ ምንም ሳይሰጠው ቆየ። በ14ኛው ቀን የፌንቤንዳዞሉ ቅነሳ 79 በመቶ ገደማ፣ የአይቨርሜክቲኑ 97 በመቶ ገደማ ሆነ።

ሥራው ንጹሕ ነው። የቡድኑ ብዛት መመሪያው ቢቻል ካለው ጋር ይገጥማል፤ ያልታከመ ቡድን አለው። ይሄ የመጨረሻው ለአንባቢ ትንሽ ሊመስል ይችላል። አይደለም። የትል እንቁላል ቁጥር ያለ መድኃኒትም ይወርዳል፣ ይወጣል፤ በበጋ ትሎቹ ፍየሏ ሆድ ውስጥ እድገታቸውን አቁመው የሚያደቡበት ጊዜ አለ፤ ያኔ እንቁላል ይጠፋል። ያልታከመ ቡድን ከሌላችሁ የበጋውን ሥራ ለክኒኑ ትሸልሙታላችሁ።

ፌንቤንዳዞል ላይ ክርክር የለኝም፤ 79 በየትኛውም መስመር ቢለካ ይወድቃል። የሚያሳስበኝ 97ቱ ነው። በ95 መስመር ብቻ የሚያነብ ሰው «አይቨርሜክቲን አልፏል» ብሎ ይተወዋል። ግን እኮ መድኃኒቱን የማይቋቋሙ የፈረስ ትሎች አይቨርሜክቲን ሲያገኛቸው የሚጠበቀው ቅነሳ ከ99 በመቶ በላይ ነው፤ ማለቅ ማለት ይቻላል። ስለዚህ 97 የማለፊያ ውጤት ሳይሆን የመጀመሪያው ጭስ ሊሆን ይችላል። መቶ ከመቶ ያመጣ የነበረ ተማሪ ሰባ ሲያመጣ «ማለፊያው ሃምሳ ነው» ብሎ ዝም የሚል አስተማሪ አለ? አዲሱ መመሪያ ለየመድኃኒቱ የየራሱን የሚጠበቅ ውጤት ያስቀመጠው ለዚህ ነው።

ሌላው ነገር የሥራው ችግር ሳይሆን የእኛ የአንባቢዎቹ ነው። ከጎንደር ከተማ ፈረስ ተነስተን ስለ ሰሜን ጎንደር ፍየል መናገር አንችልም። የፈረስና የፍየል ትሎች የተለያዩ ናቸው። የጋሪ ፈረስ ከተማ ውስጥ፣ ከመድኃኒት ቤት አጠገብ ይኖራል። አዲ አርቃይ ያለች ፍየል ቁጥቋጦ እየቀነጠሰች ትውላለች፤ ክኒን በዓመት አንዴ ብታገኝ ነው፣ ወይም ጭራሹን አታገኝም። አንድ ቁጥር ሲገኝ አገሩን ሁሉ የማልበስ ልማድ አለን። ልኩ አይሆንም።

ሐረማያ ላይ የሆነው

ይሄን ነጥብ ከማንም በላይ ያሳየው ከምሥራቅ ኢትዮጵያ የመጣ ሥራ ነው፤ እንደሚገባው አልተወራለትም ባይ ነኝ። መንክር ሲሳይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ነው። ምርመራውን በሁለት ቦታ አደረጉት፦ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የፍየል መንጋ ላይና በአካባቢው ገበሬዎች መንጋ ላይ። የዩኒቨርሲቲው ፍየሎች ትል አልቤንዳዞልንም፣ ቴትራሚሶልንም፣ አይቨርሜክቲንንም ተቋቁሞ ተገኘ። የጋራ ግጦሽ ላይ የሚውሉት የገበሬዎቹ እንስሳት ዘንድ ግን ሦስቱም መድኃኒቶች ይሠሩ ነበር።

እንዴት? ዩኒቨርሲቲው ፍየሎቹን በደንብ ስለያዘ ነው! መድኃኒት አለው፣ ሐኪም አለው፣ ሁሉንም እንስሳ በፕሮግራም ያክማል፤ ግጦሹም የታጠረ ነው። የሞቱት ሞተው የተረፉት ብቻ ግጦሹን ወረሱት። የገበሬው መንጋ ግን መድኃኒት ያላያቸው ትሎች በገፍ የሚኖሩበት ሰፊ የጋራ ሜዳ አለው። ሳይንቲስቶች ይሄን የትሎቹ መሸሸጊያ ይሉታል። ነገሩ ከወጥ ጋር ይመሳሰላል፤ ጨው የበዛበትን ወጥ ጨውን ለቅሞ ማውጣት አይቻልም፣ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ግን ይቻላል። ተመራማሪዎቹም ያደረጉት ይሄንኑ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ፍየሎች ካከሙ በኋላ ለወራት ከገበሬዎቹ ከብት ጋር በጋራ ግጦሽ ላይ አዋሏቸው። ደግመው ሲመረምሩ መድኃኒቶቹ እንደገና ሠሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ብታስቡበት ደስ ይለኛል። «ኋላ ቀር» እየተባለ የሚወቀሰው የጋራ ግጦሽ፣ የዩኒቨርሲቲውን መድኃኒት አዳነው። ይሄ ማለት የጋራ ግጦሽ ችግር የለበትም ማለት አይደለም፤ በሽታም ያስተላልፋል። ግን የትል መድኃኒትን በተመለከተ ገበሬው የያዘው ሀብት ዩኒቨርሲቲው ያጣው ነበር።

ታዲያ ምርመራዎቻችን የት የት ነው የሚደረጉት? በአብዛኛው ላቦራቶሪ ባለበት አካባቢ፤ ብዙ ጊዜም መንጋቸው ትልቅ በሆነ የተቋም እርሻዎች ላይ። ይሄ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ 15፣ 15 ፍየል በአንድ በረት የሚገኘው እዚያ ነው። ውጤቱ ግን የተዛባ ካርታ ነው። ትሉ መድኃኒትን ለመቋቋም በጣም የሚገደድበትን ቦታ እየለካን፣ አብዛኛው ፍየል የሚኖርበትን ቦታ እንገምታለን።

ሊማሊሞ ላይ የሚፈለፈለው እንቁላል

በጠጡን አሁን እናንሳው። አዲ አርቃይ ላይ ናሙና ተወስዶ ጎንደር ላቦራቶሪ ይቆጠር ቢባል፣ መንገዱ መጀመሪያ ሊማሊሞን መውጣት፣ ከዚያ ከደባርቅ ጎንደር ሌላ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የእነዚህ ትሎች እንቁላል በሞቀ ቦታ በአንድ ቀን ውስጥ መፈልፈል ይጀምራል። የተፈለፈለ እንቁላል ደግሞ እንቁላል ሆኖ አይቆጠርም። እንግዲህ የመጀመሪያው ናሙና በጠዋት መኪና ሄዶ ሁለተኛው መኪና አጥቶ ቢያድር ምን ይሆናል? የሁለተኛው ቁጥር ይወርዳል፤ መድኃኒቱም የሠራ ይመስላል። የውሸት ምሥራች ማለት ይሄ ነው።

በበረዶ ሣጥን ቢላክስ? ለቆጠራ ጥሩ ነው። ግን ቆጠራ ብቻውን የትኛው ትል እንደተረፈ አይናገርም፤ የብዙዎቹ ዓይነት እንቁላል ይመሳሰላል። ያንን ለማወቅ እንቁላሉን አስፈልፍሎ እጩን መለየት ያስፈልጋል፤ ሄሞንከስ ደግሞ ቅዝቃዜ አይወድም፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ እንቁላሉ አይፈለፈልም። እንግዲህ በሣጥን የላካችሁት ናሙና ዋናውን ተጠርጣሪ ከመዝገቡ ሊያጠፋው ይችላል ማለት ነው። መፍትሔው ናሙናውን ማጓጓዝ ሳይሆን ማይክሮስኮፑን ማውረድ ነው። እዚያው ወረዳው ላይ፣ በዕለቱ መቁጠር።

«የዘረመል ምርመራ ለምን አይሠራም?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። ያቺን ቲኤሲ የሆነች ፊደል በላቦራቶሪ መፈለግ ይቻላል፤ 25 በመቶ እስኪሞላም አይጠብቅም። ለአልቤንዳዞልና ለዘመዶቹ ድንቅ ነው። ለአይቨርሜክቲን ግን ነገሩ እንዲህ በአንድ ፊደል አላለቀም፤ በሄሞንከስ ላይ የተገኘው አምስተኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ ሰፊ ክልል ነው። ስለዚህ ሁሉንም መድኃኒት የሚመለከት ምርመራ ስንፈልግ አሁንም ወደ በጠጡ እንመለሳለን።

ግማሽ ክኒን

ወደ ገበሬው እንመለስ። የበግና የፍየል ተብሎ የሚሸጠው የተለመደ አልቤንዳዞል አንዱ ክኒን 300 ሚሊ ግራም ነው። አራት ፍየል ያለው ሰው ሁለት ክኒን ገዝቶ ግማሽ ግማሽ ቢሰጥ ማንም አይፈርድበትም፤ ገንዘብ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል ግማሽ ክኒን ስታገኝ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ደረሳት። ለበግ ይሄ ሊያስኬድ ይችላል። ፍየል ግን መድኃኒቱን ከበግ ይልቅ በፍጥነት ከሰውነቷ ታስወግዳለች፤ ለዚህ ለመድኃኒት ዓይነት ለፍየል የሚመከረው የበግ እጥፍ ነው። እንግዲህ ሙሉ ክኒን የሚያስፈልጋት ፍየል ግማሽ ወሰደች። ደካሞቹ ትሎች ሞቱ፣ ትንሽ ጠንከር ያሉት ተረፉ።

በክኒኑ ላይ የተጻፈው 300ም እውነት ነው ብለን ነው። የእንስሳት መድኃኒትን የሚቆጣጠር አዋጅ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 728/2004 ነው። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ለሚሸጠው ክኒን ግን አዋጁ ገበያ ድረስ ሁልጊዜ አይወርድም።

በነገራችን ላይ ኮሶ የሚጠጡ አያቶቻችን ከዚህ የተሻለ ቁጥጥር ነበራቸው። ኮሶ የጠጣ ሰው ሠራ አልሠራ የሚለውን ያውቀዋል፤ ትሉ ሲወጣ በዓይኑ ያያል። የፍየል ጨጓራ ውስጥ ያለው ሄሞንከስ ግን መውጣት አለመውጣቱን ባለቤቷ የሚያይበት መንገድ የለም። ለዚህ ነው እንቁላል የምንቆጥርለት።

አሁን ሙግቴ ወዴት እንደሚሄድ ሳይገባችሁ አይቀርም። አዲ አርቃይ ላይ የተለመደው ምርመራ ተደርጎ ቅነሳው 80 በመቶ ሆነ እንበል። «ትሉ ተላምዷል» ተብሎ ገበሬው ወደ አይቨርሜክቲን እንዲዞር ይመከራል። ግን እውነተኛው ችግር ግማሽ ክኒን ከነበረስ? አልቤንዳዞል ያለ ጥፋቱ ተባረረ፤ አይቨርሜክቲኑም በዚያው በግማሽ መጠን መሰጠት ጀመረ። ሁለተኛውን መድኃኒት በገዛ እጃችን ማቃጠል ጀመርን ማለት ነው። በተቃራኒው ደግሞ እውነትም ትሉ ከሆነ፣ «መጠኑ አንሶ ነው» እያልን ገበሬውን የማይሠራ ክኒን እጥፍ ስናስገዛው እንከርማለን። ሁለቱም ስህተት ከገበሬው ኪስ ይወጣል።

ስለዚህ ምርመራው በቡድን አከፋፈሉ ቢቀየር እላለሁ። አንደኛው ቡድን የገበያውን ክኒን ገበሬው በለመደው መጠን ይውሰድ። ሁለተኛው ያንኑ የገበያ ክኒን፣ ፍየሏ ተመዝና በሚገባት መጠን። ሦስተኛው ይዘቱ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ክኒን፣ ያውም በሚዛን። አራተኛው ምንም አይሰጠው፤ ከ14ኛው ቀን ቆጠራ በኋላ ይታከም። አዲሱ መመሪያ ያንኑ እንስሳ ከበፊቱና ከበኋላው ማወዳደርን ነው የሚመርጠው፤ እሱንም እናድርግ፣ ግን ወቅት እንዲህ በሚገለባበጥበት አገር ያልታከመውን ቡድን ባንጥለው እመርጣለሁ። ሁለተኛው ቡድን ተሻሽሎ የመጀመሪያው ካልተሻሻለ ጥፋቱ የመጠን ነው። ሦስተኛው ብቻ ከተሻሻለ ክኒኑ ነው። ሦስቱም ካልተሻሻሉ ያኔ ትሉን እንክሰሰው፤ እጩዎቹን ለይተን፣ ዘረመሉንም አይተን። ለፍየል የሚሆን ሚዛን ከጠፋ በደረት ዙሪያ ክብደት የሚገመትበት ሜትር አለ።

ጊዜውም ይታሰብበት። በበጋ ሜዳው ደርቆ ውጭ ያሉት እንቁላልና እጮች አብዛኞቹ ያልቃሉ፤ መሸሸጊያው ይጠባል። ያኔ የወረዳውን ፍየል ሁሉ በዘመቻ ብናክም፣ ዝናብ ሲመጣ ግጦሹን የሚሞሉት ከመድኃኒቱ የተረፉት ልጆች ብቻ ይሆናሉ። ሐረማያ ላይ ያየነውን አጥር በገዛ እጃችን አዲ አርቃይ ሜዳ ላይ አጠርነው ማለት ነው። ዘመቻ የሚያቅዱ ሰዎች ይሄን ሒሳብ ሲያነሱት ብዙ አልሰማም። ደቡብ አፍሪካውያን የፍየሏን የዓይን ቆብ ገልበጠው ቅላቱን ከአምስት ቀለማት ካርድ ጋር እያስተያዩ የገረጣችውን ብቻ የሚያክሙበት ዘዴ አላቸው፤ ደም መጣጭ ትል ለበዛበት ቆላ የሚስማማ ነው፣ ሌሎቹንም ትሎች መሸሸጊያ አይነሳም።

አራት ቡድን፣ በየቡድኑ ከ10 እስከ 15 ፍየል፣ በጠቅላላ ከ40 እስከ 60 ይሆናል። አንድ ቤት ስለማይኖረው የብዙ ቤት ፍየል ማዋጣት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዷም ምልክት ይደረግባት። የጊዜ ሰሌዳውን የሚያወጣው ሰው ግን ከማይክሮስኮፑ በፊት የበዓላቱን ቀን ይይ። ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት የተጀመረ ጥናት 14ኛው ቀን ሲደርስ ግማሾቹ ፍየሎች ተሸጠው ያገኛቸዋል።